ፌንጣ የሚያድርበት ፍሪዘር

እኔ መንፈስ የሚባል ነገር አላምንም፤ ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሥራዬ መግደል ነው። በላብራቶሪያችን ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። ያበቀሉትን፣ ያራቡትን፣ የተበላሸባቸውን ሁሉ በብረት ቅርጫት ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔም ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍሌ፣ ትልቁ ድስቴ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ክዳኑን እጠረቅማለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ የቀረውን እንፋሎቱ ይጨርሰዋል። እነሱ አውቶክሌቭ ይሉታል፤ እኔ ድስቴ ነው የምለው። እኔን ደግሞ "ወይዘሮ እንፋሎት" ይሉኛል። ከኋላዬ ሌላም ስም እንዳወጡልኝ አውቃለሁ፤ ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ! እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሴትዮ ነኝ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ካለው ፍሪዘር አጠገብ ብቻዬን ማለፍ የምጠላው።

የማወራችሁ ስለ ሳሙና ነው። የወጣላት ስም ነው እንጂ እናቷ ያወጣችላት አይደለም። አጠር ያለች፣ ድምጿ ከወረቀት ኮሽታ የማይበልጥ፣ ነጭ ጋዎኗን በሙቀትም በብርድም እስከ አንገቷ የምትቆልፍ ልጅ ናት። ልጅ ልበላት እንጂ ፀጉሯ ጎንና ጎኑ ሸብቷል። ንጹሕ ናት፣ እሱ እውነት ነው፤ "እትዬ፣ ጓንትሽ ተቀዷል" እያለች ነፍሴን ታወጣዋለች። ሳሙና የተባለችው ግን በሥራዋ ነው።

ሥራዋን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከየት አወቅሽው እንዳትሉኝ፤ ድስቴ እስኪፈላ ምን ሥራ አለኝ፣ እነሱ ያወራሉ እኔ እሰማለሁ። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ከረጢት ነው አሉ። የከረጢቱ ሽፋን ስብ ነው። ለሁለት ሊከፈል ሲል ወገቡ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም። ስቡ ውስጥ የተተከሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከውስጥ ትእዛዙን ተቀብለው ከውጭ አዲሱን ግድግዳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። አንደኛው ጠርዝ እንደሚዘመዝም ክር ስቡን አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይበሳዋል። ጓደኛው ግን ስቡ ውስጥ ያለችው አንዲት እግሩ ብቻ ናት፤ ገላው ሁሉ ውጭ ነው፣ እጁም ውጭ ነው። ልጆቹ "ባለ አንድ እግሩ" ነው የሚሉት። ባለ አሥሩ ክሩን ይፈትላል፣ ባለ አንድ እግሩ ክሩን ከክር ይቋጥራል፤ ግድግዳ ይሆናል፣ ባክቴሪያው ይከፈላል። ሐኪም ከሚያዘው መድኃኒት አንዱ ወገን ሄዶ ቁጭ የሚለው እዚያች የምትቋጥረው እጅ ላይ ነው። እጁ ከተያዘ መከፈል የለም። ማደጉን ግን አይተውም፤ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ክር ያክላል፣ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። እኔ ገዳይዋ እንኳ አንጀቴን በላኝ።

የእነዚህን ፕሮቲኖች መልክ ማየት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ከስቡ ማውጣት አለበት፤ ከስብ የሚያወጣ ደግሞ ሳሙና ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሳሙናው በርታ ካለ ፕሮቲኑ ይኮማተርና እንደተቀቀለ እንቁላል ይረጋል። ለዘብ ካለ ደግሞ ፕሮቲኑ ከስቡ ወይ ፍንክች! ጓደኛሞቹ ደግሞ እንደተያያዙ ካልወጡ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። የእኛዋ ሳሙና ቀኑን ሙሉ ይህን ሳሙና በዚያ ትለውጣለች፣ ትመዝናለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ትሞክራለች። ያልተሳካላትን በቅርጫት ይዛልኝ ትመጣለች። "ዛሬም ተለያዩብኝ እትዬ" ትለኛለች፣ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ የምትነግረኝ ይመስል።

እኛ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ አዲስ ባክቴሪያ ያመጣ ሰው ስም ያወጣለታል። ቶሎ የማትበቅለውን "ባልቴቷ" አሏት። ደስ ሲለው ብቻ የሚያድገው "ኩርፌ" ነው። ሳሙና ያመጣችውን "ፌንጣ" አለችው። ስሙ ደስ ስለሚል ሁላችንም አፍ ላይ ገባ። ጠዋት ስንገባ "ፌንጣ ተነሣ?" ነው ሰላምታችን። "ዛሬ ፌንጣ አልቀናውም፤" "ፌንጣ ጠግቧል፤" "ወይዘሮ እንፋሎት፣ በይ ፌንጣን ቀቅይልን!" እየተባለ ዓመታት ሄዱ። ከሆስፒታል የመጣ ክፉ ዘር መሆኑን እናውቃለን፤ መድኃኒቱን ስታፈስበት ሌሎቹ እንደ ክር ሲረዝሙ እሱ እንደ ጉድ ይከፈላል፣ ደንታም የለው። ከማን ቁስል እንደመጣ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ደስ የማይል ነገር ግን ነበር፤ አሁን ነው የሚገባኝ። ጠዋት ቀድማን ትገባለች። ቅርጫቴን ልሰበስብ ስመጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ፍሪዘሩ ፊት ቆማ አገኛታለሁ፤ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደምትነካ። አንድ ጊዜ "ደህና አደርክ" ስትል ሰማኋት። "ማንን ነው?" አልኳት። "ፍሪዘሩን" አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ አልቆየም።

የመወዝወዣው ክፍል ደግሞ አለ። በመስተዋት በር የተዘጋ የሞቀ ሳጥን ነው፤ ጠርሙሶቹ ውስጡ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይወዛወዛሉ። ሽው፣ ሽው ይላል፣ ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው ይመስል። ፌንጣ እዚያ ሲሆን ሳሙና ከበሩ ውጭ ወንበር ስባ ምሳዋን ትበላለች። "ኧረ ካፍቴሪያ ሂጂ፣ ሰው ምሳውን ከማሽን ጋር ይበላል?" ብዬ ብጮህባትም አትሰማም። አንድ ማሽን ጠጋኝ ነበር፣ ጨዋ ሰው፤ እሷን ለማየት ሲል ያልተበላሸ ማሽን ሊጠግን ይመላለስ ነበር። በመጨረሻ እኔ ጋ መጣና "እትዬ፣ ይቺ ልጅ ሰው አላት እንዴ?" አለኝ። "ኧረ ማንም የላትም፣ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው" አልኩት። "አላት" አለኝ። "ሳዋራት ጆሮዋ ሌላ ሰው ጋ ነው።" ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጠጋኝ ነው የሚላክልን።

ጉድ የፈላው አዲሱ ማይክሮስኮፕ የተመረቀ ዕለት ነው። ቤተሰብ ተጋብዞ ነበር። የሳሙና እናት መጡ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ የያዙ ሴት። አለቃችን ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወሬ ካገኘ ማቆሚያ የለውም። ክንዳቸውን ይዞ በየክፍሉ አዞራቸው። መወዝወዣው ጋ ሲደርስ መስተዋቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና "እናታችን፣ ልጅዎ ያሳደገችውን ይዩልኝ! ይኸውልዎ ፌንጣ! ይኸው ሲዘል!" አለ።

እኔ ከበሩ ሥር ቅርጫቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ማን አሉኝ?"

"ፌንጣ። ስሙን ያወጣችው እሷው ናት። ከአንድ ታማሚ እግር ላይ የመጣ ነው፤ በጣም ክፉ ነው፣ መድኃኒት አይነካውም።"

እናትየው ዶክተሩን አላዩትም። ልጃቸውን ነው ያዩት። የሳሙና ፊት አመድ መስሏል።

"የእግሩ ነው?" አሉ።

"አዎ እማ።"

"የገደለው?"

"አዎ።"

"እሱ አፈር ገብቶ ይኼ አለ? እዚህ ቁጭ ብለሽ ታበይዋለሽ? በስሙ ትጠሪዋለሽ?"

እናትየው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ወጡ። ዶክተሩ "ምን አጠፋሁ?" እያለ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። ጉዳዩ የገባው ሌላ ሰው ከነገረው በኋላ ነው፤ የሰማ ዕለት ቢሮውን ዘግቶ ዋለ።

በማግስቱ ሳሙና ክፍሌ መጣች፤ ቅርጫት አልያዘችም። ድስቴ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ፌንጣ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አጥር ያየ እንደሆነ መዝለል ነው፣ በደረጃ መውረድ አያውቅም፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ጎልምሶ፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖም አልተወም። ከመኪናው ላይ ዘሎ ሲወርድ እግሩ ተሰበረ። ብረት አስገቡለት። አልጋ ላይ ሆኖ "እህቴ፣ ይኸው ያንቺን ባለ አንድ እግር ሆንኩልሽ" እያለ ያሾፍባት ነበር፤ ስለ ሥራዋ እያወራች አሰልችታዋለቻ። ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘ። መድኃኒት ጀመሩለት።

"እትዬ፣ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር" አለችኝ። "በየቀኑ በሳሙና የማወጣው ፕሮቲን እጅ ላይ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ይይዘዋል፣ አሁን ይይዘዋል እያልኩ ጠበቅኩ። አልያዘውም። ለምን እንዳልያዘው ማየት አለብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እሱ ከሞተ በኋላ የሆስፒታሉን ላብራቶሪ ለምና ባክቴሪያውን አመጣችው። እሱስ ይሁን። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ነገር ሆዴ ውስጥ ማሳደር አልችልም።

"ስሙንስ? ደግሞ ለምን በስሙ ጠራሽው? አእምሮሽን ስተሽ ነው?"

"ቤት ውስጥ ስሙ አይነሣም። እማ ከቀብሩ መልስ ፎቶውን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። 'ስሙን ከአፍሽ እንዳልሰማ' አለችኝ። እዚህ ግን በየቀኑ ይጠራል። ጠዋት ስገባ ሁላችሁም 'ፌንጣ ተነሣ?' ትላላችሁ። ተነሥቷል እላለሁ።"

ክው አልኩ። ስንት ጠዋት በዚህ አፌ ጠየቅኳት! ድስቱ ፈልቶ እያፏጨ ነበር፣ እኔ ግን ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ኮሪደሩን በዚያ በኩል ማለፍ የጠላሁት። በረዶ ለብሶ የተቀመጠው ነገር ወንድሟን የበላ ነገር ነው፤ በሱ ሥጋ የሰባ ነው፣ በሕይወት ካለ ነገር ሁሉ የሱን ገላ የነካ የመጨረሻው እሱ ነው። ሲያወጡት ይነቃል፤ ሲመልሱት ይተኛል። ይህ መንፈስ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚባል እናንተ ንገሩኝ።

እናቷ "እሱ እስካለ ድረስ ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አታድሪም" ስላሏት ሳሙና ላብራቶሪው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። "የዚያን ፕሮቲን ቅርጽ ልየው ብቻ" አለችኝ። "ካየሁት በኋላ በእጄ አምጥቼ እሰጥሻለሁ፣ እማም ትታረቀኛለች።" እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ቅርጹን ካላየች ፌንጣን አትለቅም፣ ፌንጣን ካልለቀቀች እናት የላትም።

እንዴት እንደሠራች! ከስታ ጋዎኑ ሰው የሌለበት መሰለ። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርጋ ነበር፤ የፌንጣን ጂን ወስዳ ገራም ባክቴሪያ ውስጥ ከታ አሠርታዋለች። ከገራሙ የሚወጣው ባለ አንድ እግር ግን ጓደኛውን ይለቀዋል። እንደተያያዙ የሚወጡት ከራሱ ከፌንጣ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ደግሞ አንዱ ባክቴሪያ ላይ ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ በትልልቅ ጠርሙስ ታበቅላለች፣ ትሰባብራለች፣ ስቡን ትለያለች፣ ሳሙናውን ትሞክራለች። እኔ ጋ የሚመጣው ቅርጫት በዛ። "ተለያዩ?" እላታለሁ። "ተለያዩ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ባዶ እጇን እየሮጠች መጣች፤ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። "እትዬ፣ ነይ!" እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከሁለት ሳሙና የቀላቀለችው ነው አሉ የሠራላት፤ ፕሮቲኑን በስስ በረዶ አድርገው በአዲሱ ማይክሮስኮፕ ቁልል ሥዕል አንስተውታል፣ ኮምፒውተሩም ሥዕሉን ሁሉ ደራርቦ ቅርጹን አውጥቶታል። ልጆቹ ከበው ያጨበጭባሉ። ስክሪኑ ላይ አየሁት። ባለ አሥሩ ስቡ ውስጥ ጥቅልል ጥቅልል ብሎ ተቀምጧል፤ ባለ አንድ እግሩ ቀጭን እግሩን አጠገቡ ተክሎ፣ ከላይ ሰፊ ገላውን ቀና አድርጎ ቆሟል። እንደ ሰው ነው የቆመው፤ አልዋሻችሁም፣ ቀፈፈኝ። ሳሙና አዞረችውና የእጁን ጎድጓዳ አሳየችኝ።

"መድኃኒቱ መቀመጥ የነበረበት እዚህ ነው። ይቺን አየሻት?" ከጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፣ ከዶቃ ሐብል ላይ ጥቂት ዶቃ ተርፎ እንደተጠመዘዘ። "የሌሎቹ ላይ የለችም። መድኃኒቱን አላስቀምጥ ያለችው እሷ ናት።"

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ይቺን ብለሽ ነው ዕድሜሽን የጨረስሽው?"

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተለወጠ፤ ልጆቹ ማጨብጨባቸውን አቆሙ። "ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር እትዬ" አለች። "ክፋት ነገር ያለበት መስሎኝ ነበር። ይኼ እኮ ምንም አያውቅም። ማንን እንደነካም አያውቅም።"

አሁን ትሰጠኛለች ብዬ ድስቴን አጥቤ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! "አንድ ሥዕል ይቀረኛል" አለች። ከዚያ "አንድ ነገር ላረጋግጥ" አለች። ፌንጣ አሁንም መወዝወዣው ውስጥ ሽው ሽው ይላል፤ እሷም አሁንም ጠዋት ጠዋት መዳፏን ፍሪዘሩ ላይ ታሳርፋለች። ደሜ ፈላ። "አየሽው አይደል? ምን ቀረሽ? እናትሽን ልትቀብሪ ነው የምትጠብቂው?" አልኳት። ጠርሙሷን አንስታ ወደ መወዝወዣው ሄደች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናትየው ራሳቸው መጡ። ቦርሳቸውን እንደዚያው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ቀጥ ያለው ወገባቸው ግን ጎበጥ ብሏል። ቅርጹን እንዳየች በስልክ ነግራቸው ኖሯል።

"አየሽው አሉ" አሏት።

"አየሁት እማ።"

"እንግዲያስ።"

ዶክተሩ እጁን ኪሱ ከቶ መሬት መሬት እያየ "ይጥፋ" አለ። ጂኑ ገራሙ ውስጥ አለ፣ ቅርጹም ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር እዚህ ባያድር እሱም ይመርጣል። ሳሙና ፍሪዘሩን ከፈተች። ነጭ ጭስ ወጣ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ቅርጫቴ ውስጥ ጨመረቻቸው፤ ሁሉም ላይ በእሷ እጅ ፌንጣ፣ ፌንጣ፣ ፌንጣ ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ከመወዝወዣው ውስጥ ትልቁን ጠርሙስ አመጣች፣ በጥብቅ የተከደነ፣ ውስጡ ደፍርሶ የሚናጥ።

"ስጪኝ" አሉ እናትየው።

"ያለ ጓንት አይሆንም እናቴ" አልኳቸው። አልተቆጡኝም፤ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ አጠለቅኩላቸው። ጠርሙሱን ተቀበሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ይሞቃል።"

"በሰው ሙቀት ልክ ነው የሚያድገው እማ" አለች ሳሙና።

ሴትየዋ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት፣ ቦርሳቸው የነበረበት ቦታ። "እሱ መጨረሻ ላይ እግሩ ቀዝቅዞ ነበር" አሉ። "ባሸው፣ ባሸው፣ አልሞቅ አለኝ።" ከመወዝወዣው ክፍል ሽው ሽው ይሰማል፤ ባዶውን እየተወዛወዘ ነው፣ ማንም አላጠፋውም ነበር። እኔ፣ አሁን አይለቁትም፣ ይዘውት ቤት ሊሄዱ ነው አልኩ በልቤ።

"ልጄ፣ ለበቀል መስሎሻል" አሏት። "አንዱን ባንድ ጊዜ ወሰደብኝ። አንቺን ግን ዓይኔ እያየ፣ ቀስ እያለ፣ በየቀኑ እየቆረሰ ነው የወሰደብኝ። ከአንቺ የቀረውን እንድትመልሺልኝ ነው የምለምንሽ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እንኪ፣ አንቺ አድርጊው" አሉኝና ጠርሙሱን ሰጡኝ። ከብልቃጦቹ ጋር ድስቴ ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን ጠረቀምኩ። ሁለቱ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ቆዩ፤ ከዚያ እናትየው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወጡ። ሳሙና የተከራየቻትን ክፍል በዚያው ሳምንት ለቃ እናቷ ጋ ተመለሰች።

እፎይ ያልን መሰለኝ። ግን ጠዋት ስገባ ያቺ ልጅ አሁንም ፍሪዘሩ ፊት ቆማለች። መዳፏ በሩ ላይ ነው። ፌንጣ የሌለበትን ፍሪዘር ምን ታደርገዋለች? አሁንም እንዳለበት ሆዴ ነገረኝ፤ ግን ምን ቆርጦኝ እጠይቃለሁ። በዚያ በኩል የማልፍ ከሆነ ፈጠን ብዬ ነው የማልፈው፤ አንዳንዴም ሞተሩ ሲያጉረመርም ከውስጥ የሆነ ነገር ጎኑን የሚያዞር ይመስለኛል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ክፍሌ መጣች። በሁለት ጣቷ አንዲት ብልቃጥ ይዛለች፣ በረዶ የለበሰች። ላዩ ላይ "ፌንጣ" ይላል።

"ከየት መጣ?" አልኳት።

"ከባልቴቷ ሣጥን ውስጥ፣ ከኋላ ደብቄው ነበር። እዚያው እማ ፊት፣ ሌሎቹን ስለቅም።"

"አንቺ! እናትሽ ያንን ጠርሙስ ታቅፈው፣ እንደዚያ እየለመኑሽ?"

"ታውቃለች" አለች። "ትናንት የታጠበ ልብስ እያጠፍን ሳለ፣ ቀና ሳትል 'አንዷን አስቀርተሻል አይደል?' አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ።"

"ተቆጡ?"

"አልተቆጣችም። 'እኔም ብሆን አንዷን አስቀር ነበር' አለችኝ።" ብልቃጧን በመዳፏ ሸፈነቻት። "ከዚያ ተነሥታ ሻንጣውን ከፈተች። ፎቶውን ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። 'ፌንጣ እዚህ ላይ፣ ፌንጣ እንዲህ ሲያደርግ' እያለች ስታወራኝ፣ ልብሱ ሳይታጠፍ ቀረ። ስሙን ስትጠራው እኮ እትዬ… እንደ ድሮው ነው የጠራችው።"

ክዳኑን ከፈትኩላት። ብልቃጧን ራሷ ባዶው ድስት ውስጥ አስቀመጠቻት፤ ቁልፉንም ራሷ ተጫነችው። ትንሽ ቆማ እንፋሎቱ ሲነሣ አዳመጠች። ከዚያ የጋዎኗን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች።

"ዛሬ ቀደም ብዬ ነው የምወጣው" አለችኝ። "እማ አጥሩን የዘለለበትን አልጨረሰችልኝም።"

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሲጨርስ ክዳኑን ከፍቼ ብልቃጧን በመያዣ አወጣኋት። ውስጧ ያለው ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ሞቷል፣ በዚህ እንኳ አልሳሳትም። ጽሑፉ ግን በእንፋሎቱ አልለቀቀም ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።